ለታመመች እናት ጸሎት ስንጠይቅ ምን ያህል እንናገር?

«ጸሎት ለመጠየቅ ሕመሟን ሁሉ መናገር አለብኝ ወይ?» ላልሽው፣ የለብሽም። «እናቴ በጠና ታማ ሆስፒታል ተኝታለች፤ በጸሎት አስቡን» ማለት ይበቃል። ለሚጸልይልሽ ሰው የምርመራ ውጤት አያስፈልገውም። እናትሽ መናገር ከቻሉ ግን አስቀድመሽ ጠይቂያቸው። ማን ይወቅ፣ ምን ተብሎ ይጸለይ የሚለውን የሚወስኑት እሳቸው ናቸው።

ስልኩ እረፍት ከነሳሽ አንድ ሰው ወክዪ። ዘመድ ሁሉ ለእሱ ይደውል። አንቺ ማታ ማታ ለእሱ ብቻ አጭር መልእክት ላኪ።

«ምን ላግዝ?» ለሚልሽ ሰው ቁርጥ ያለ ሥራ ስጪው። አንዷ ሌሊቱን ከእናትሽ ጋር ትደር፣ አንዱ መድኃኒት ገዝቶ ያምጣ። አንቺም ተኚ፣ እባክሽ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ሐኪሙ የነገረውን እንኳ በቅጡ አይዝም። ጉንፋን የያዘው ጠያቂ ግን ከቤቱ ሆኖ ይጸልይ፤ አቅም ላጣ በሽተኛ ቀላል ኢንፌክሽንም አደገኛ ነው።

አንድ ነገር አደራ። አባቴ ታሞ ሳለ «እምነት ካላችሁ መድኃኒቱን አስቁሙት» ያሉን ሰዎች ነበሩ። አላስቆምንም። አጥብቀን እየጸለይን ሕክምናውንም ቀጠልን። አንቺም ሐኪሙን ሳትጠይቂ አንዲት ክኒን እንዳታስቀሪ። ለጸሎት ገንዘብ አምጪ የሚልሽ ከመጣ ደግሞ ስልኩን ዝጊበት።