በደሴ በመኪና አይስክሬም ለመሸጥ ፈቃዱ ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ፦ የደሴ ከተማ ነዋሪ ነኝ። ከወንድሜ ጋር ሆነን አንዲት አነስተኛ መኪና ገዝተን፣ የኋላ ክፍሏን ወደ መሸጫነት ቀይረን፣ በፒያሳ፣ በሆጤና በወሎ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ እየተዘዋወርን አይስክሬም ለመሸጥ አስበናል። ሙቀት በሚበረታበት ወቅት ደግሞ ወደ ኮምቦልቻ መውረድ እንፈልጋለን። አንዳንዶች «ለሚዘዋወር ንግድ ፈቃድ አይሰጥም» ሲሉን፣ ሌሎች «መኪናው ቦሎ ካለው ይበቃል» ይሉናል። የትኛውን እንመን? ከየትኛው መሥሪያ ቤትስ እንጀምር?
አንባቢያችሁ፣ ከደሴ

መልስ፦ ሁለቱንም አይመኑ። ቦሎ የሚመሰክረው መኪናው የዓመቱን ምርመራ ማለፉን ብቻ ነው፤ በውስጡ ስለሚሸጠው ነገር የሚለው የለም። በሌላ በኩል የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ማንም ሰው ያለ ጸና ንግድ ፈቃድ የንግድ ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላልና፣ ሱቁ ጎማ ስላለው ብቻ ከዚህ ግዴታ ነፃ አይሆንም። ጉዳዩን የሚያወሳስበው አንዷ መኪና በአንድ ጊዜ ሱቅም፣ የምግብ ቤትም፣ ተሽከርካሪም መሆኗ ነው፤ ስለዚህ ከአንድ በላይ መሥሪያ ቤት ይመለከታታል። ብዙ ሰው መኪናውን ገዝቶና አስቀይሮ ከጨረሰ በኋላ ፈቃድ ለመጠየቅ ይሄዳል። እኛ የምንመክረው ተቃራኒውን ነው፤ ገንዘባችሁ እጃችሁ ላይ እያለ ጠይቁ።

መነሻችሁ የከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ማውጣትና በንግድ መዝገብ መመዝገብ የተለመደው አካሄድ ስለሆነ አናትትበትም። ዋናው ነገር የምትጠይቁትን የንግድ መደብ በትክክል መለየት ነው፤ ምክንያቱም አይስክሬሙን ራሳችሁ የምታዘጋጁት ከሆነ ሥራችሁ ማምረትም ይሆናል፣ ከአምራች ተረክባችሁ የምትሸጡት ከሆነ ግን ችርቻሮ ነው። «የአይስክሬም መኪና ፈቃድ» ብላችሁ ብትጠይቁ ሠራተኛው በመደቦቹ ዝርዝር ውስጥ ሊያጣውና ሊመልሳችሁ ይችላል፤ «ለሚዘዋወር ንግድ ፈቃድ አይሰጥም» የሚለው ወሬም ከዚህ የመጣ ይመስለናል። ይልቁንም መኪናዋ የምታድርበትን፣ ማቀዝቀዣው የሚገኝበትንና ዕቃ የሚታጠብበትን ቋሚ ቤት የሥራ አድራሻ አድርጋችሁ አቅርቡ፤ ቤቱ የኪራይ ከሆነ ውሉን አያይዙ። በወንድማማችነት መሥራት መልካም ቢሆንም ፈቃዱ በማን ስም እንደሚወጣ ቀድማችሁ ተስማሙ፤ ንግድ ፈቃድ ለሌላ ሰው አይተላለፍም፣ አይከራይምም።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ የሚፈልገው የጤናው ጉዳይ ነው። በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የምግብ ደኅንነት ቁጥጥር ስለሚደረግ፣ ከጤና ተቆጣጣሪዎች ጋር መገናኘታችሁ አይቀርም። አይስክሬም ብዙዎች እንደሚያስቡት በቅዝቃዜው ምክንያት ከጀርም የጸዳ ምግብ አይደለም፤ ቅዝቃዜ አብዛኞቹን ባክቴሪያዎች ያስተኛቸዋል እንጂ አይገድላቸውም። ስለዚህ ወተቱ ሳይቀዘቅዝ በፊት በሙቀት መታከም አለበት። ለተራ ወተት የተለመደው ልክ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ ወይም 72 ዲግሪ ለ15 ሴኮንድ ሲሆን፣ ስኳርና ቅባት ለሚጨመርበት የአይስክሬም ውሕድ ከዚህ ከፍ ያለ ሙቀት ያስፈልጋል። ከገበሬ በጆግ የተቀዳ ጥሬ ወተት ይዛችሁ ብትቀርቡ ተቆጣጣሪው ቢከለክላችሁ አትቀየሙት። የተዘጋጀው አይስክሬም በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች መቀመጥ ስላለበትም መብራት ሲጠፋ ምን እንደምታደርጉ ከወዲሁ አስቡበት፤ የቀለጠውን መልሶ ማቀዝቀዝ መፍትሔ አይደለም። በመኪናዋ ውስጥ ንጹሕ ውኃ የሚይዝ በርሜል፣ የእጅ መታጠቢያ፣ ለፍሳሽ የሚሆን ለብቻው የተዘጋ ዕቃና በቀላሉ የሚጸዳ ወለል እንዲኖር አድርጉ፤ ሁለታችሁም የምግብ ሠራተኞች የጤና ምርመራ አድርጉ። በጾም ወራት ወተት የሌለበት፣ በጭማቂና በውኃ የተሠራ ልትሸጡ ብታስቡ፣ ያን ጊዜ የውኃው ንጽሕና እንደ ወተቱ ሁሉ ይታያል።

ስለ መኪናዋ ብዙ የሚባል የለም። ቀፎውን መቀየርና መኪናዋን ከግል ወደ ንግድ አገልግሎት ማዛወር በሊብሬው ላይ መስፈር ስላለበት፣ ጋራዥ ከመግባታችሁ በፊት የምትሠሩትን በንድፍ ለትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ አሳዩ። የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው።

የመቆሚያው ቦታ ግን ከምታስቡት በላይ ያደክማል። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚያልፈውን መንገድ ተከትላ የተዘረጋች ከተማ ናት፤ በፒያሳ በኩል ያ መንገድ በሚኒባስና በባጃጅ ተጨናንቆ ይውላል፣ ስለዚህ እዚያ ቁሙ የሚላችሁ ትራፊክ ፖሊስ ታገኛላችሁ ብለን አንገምትም። ንግድ ፈቃዱ በራሱ መንገድ ዳር የመቆም መብት አይሰጥም። ሦስት ወይም አራት ቦታዎችን በስም ጠቅሳችሁ፣ የምትቆሙበትን ሰዓት ጽፋችሁ ለከተማ አስተዳደሩ አመልክቱ፤ በቃል «ችግር የለም» ብትባሉም መልሱን በደብዳቤ ጠይቁ፣ ደንብ አስከባሪዎች ሲመጡ የምታሳዩት እሱን ነውና። ከአስፋልቱ ይልቅ የዩኒቨርሲቲው አካባቢ የሚሻል ይመስለናል፤ ከትምህርት ቤት በር አጠገብ ግን ትምህርት ቤቱንም አስፈቅዱ። ፈቃዱንና የዋጋ ዝርዝሩን ደንበኛ በሚያየው ቦታ ስቀሉ።

ኮምቦልቻን በተመለከተ፣ የራሷ ከተማ አስተዳደር ያላት በመሆኗ የደሴው የመቆሚያ ደብዳቤ እዚያ አያገለግልም። በንግድ መዝገብ የሚመዘገበው አንድ ጊዜ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ባለበት ነው፤ በሌላ ከተማ ቅርንጫፍ ስትከፍቱ ግን ማስመዝገብ ይጠበቅባችኋል። እንዲያውም ኮምቦልቻ ከደሴ ወደ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ስለሆነች፣ የደሴ የክረምት ብርድ አይስክሬም እንደማያስበላ ካሰባችሁ ዋናውን አድራሻ እዚያው ማድረግም ይቻላል። የአድራሻ ለውጥ ኋላ ላይ ማሳወቅና ማስተካከል ስለሚጠይቅ፣ ይህን ከመመዝገባችሁ በፊት ከወንድምዎ ጋር ወስኑ።