የጋዝ መስመሩን በዓመት ሳይሆን በሰዓት ያቅዱ

የፀሐይና የነፋስ ማመንጫዎችን የሚደግፍ የተፈጥሮ ጋዝ መስመር ለማቀድ ከየት መነሣት እንዳለብዎ ጠይቀዋል። በዚሁ ሥራ ላይ ስለ ነበርኩ የደረሰብኝን ልንገርዎ።

1ኛ፦ የቧንቧውን ስፋት በዓመታዊ ፍጆታ አያስሉ። ነፋሱ ጸጥ ሲልና ፀሐይ ስትጠልቅ በጋዝ የሚሠሩት ተርባይኖች በግማሽ ሰዓት ውስጥ በሙሉ ኃይል እንዲሠሩ ይፈለጋል፤ ጋዝ ግን በቧንቧ ውስጥ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር እምብዛም በልጦ አይጓዝም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት የሚያሻግርዎ አስቀድሞ በቧንቧው ውስጥ በግፊት ታምቆ የቆየው ጋዝ ብቻ ነው።

2ኛ፦ የማከማቻውን ዓይነት ከፍላጎትዎ ጋር ያዛምዱ። ከመሬት በታች በጨው ውስጥ የተቦረቦረ ዋሻ ጋዙን ቶሎ ይቀበላል፣ ቶሎም ይሰጣል፤ የተሟጠጠ የጋዝ ጉድጓድ ግን ለወቅት ክምችት ነው።

3ኛ፦ ጋዙን አምቆ በቧንቧው ውስጥ የሚገፋው የኮምፕሬሰር ጣቢያ ኤሌክትሪክ ከየት ይመጣል? እኛ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራውን የመረጥነው ጥገናው ቀላል፣ ጭሱም የሌለ በመሆኑ ነበር፤ በምርጫችንም ኮርተን ነበር። የጣቢያው የኤሌክትሪክ መስመር ኃይል ሲያጥር በቅድሚያ ከሚቋረጡት ውስጥ መሆን አለመሆኑን ለማጣራት ደብዳቤ ይዤ ወደሚመለከተው የኤሌክትሪክ ቢሮ ብሄድ፣ ኃላፊው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ጋዝ የእኛ ሥራ አይደለም» ብሎ ማህደሩን በጠረጴዛው ላይ ገፋልኝ። ተናድጄ ወጣሁና በዕቅዳችን ቅጽ ላይ «ኤሌክትሪክ፦ አለ» ብዬ ጻፍኩ። ያቺ አንዲት ቃል ናት ያስከፈለችኝ። ነፋስ በሌለበት አንድ ምሽት የኤሌክትሪክ መስመሩ ተቋረጠ፤ ኮምፕሬሰሩ ቆመ፤ የግፊቱ ቁጥር ከ48 ባር ወደ 31 ሲያሽቆለቁል ስክሪኑ ፊት ቆሜ ከማየት በቀር ምንም ማድረግ አልቻልኩም። ተርባይኑም ጠፋና እጥረቱ ባሰ፤ በእጥረቱም ሌሎች የኤሌክትሪክ መስመሮች ተቋረጡ። ይህ የእኔ ጉድ ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 በቴክሳስም የጋዝ ጉድጓዶች በብርድ ከመቆማቸው ሌላ፣ ወሳኝ ተብለው ያልተመዘገቡ የጋዝ ተቋማት ኤሌክትሪክ ተቋርጦባቸው ማመንጫዎቹን ጋዝ አሳጥተዋል።

ኋላ ጣቢያውን በቅድሚያ ከሚቋረጡት ዝርዝር አስወጥተን በጋዝ የሚነዳ መጠባበቂያ ኮምፕሬሰር ጨመርን፤ ከዚያ ወዲህ ተርባይኑ በግፊት ማነስ አንድም ቀን አልቆመም። በነገራችን ላይ ያ ኃላፊ ዛሬ የእኛን ቅጽ ለሌሎች በአርአያነት ያሳያል። እርስዎ ግን ሲሄዱ ለጣቢያው ኤሌክትሪክ የሚያመጣውን መጋቢ መስመር ቁጥር ጽፈው ይያዙ፤ ፊርማና ማኅተም ያረፈበት መልስ ሳይቀበሉም ከቢሮው አይውጡ።