ኦፊስን በየዓመቱ ልከራይ ወይስ አንድ ጊዜ ልግዛ?

ጥያቄ፦ በግሌ የሂሳብ ሥራ እሠራለሁ። በአንድ ላፕቶፕ ላይ ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ በኤክሴል መዝገብ እይዛለሁ፤ ከዚህ ያለፈ አያስፈልገኝም። የሥራ ባልደረቦቼ ማይክሮሶፍት 365ን በዓመታዊ ክፍያ እንድጠቀም ይመክሩኛል፤ እኔ ግን አንድ ጊዜ ከፍዬ የምገዛው ኦፊስ ለዘለዓለም የራሴ ስለሚሆን እሱን እመርጣለሁ። የቱ ያዋጣኛል?

መልስ፦ አሠራርዎ እንደገለጹት ከሆነ አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚገዛው ይሻልዎታል፤ «ለዘለዓለም» ያሉት ግን መታረም አለበት። አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚገዛው ኦፊስ 2024 ከዓመታት በኋላም መከፈቱን ባያቆምም፣ የደኅንነት ማስተካከያ የሚያገኘው እስከ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 2029 ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው ነገር፣ የዚህ ድጋፍ አምስት ዓመታት የሚቆጠሩት ገዢው ከከፈለበት ዕለት ሳይሆን ምርቱ ለገበያ ከቀረበበት ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ መሆኑን ነው። በመሆኑም ዋጋው ቀንሷል ተብሎ ኦፊስ 2021 ቢቀርብልዎ አይቸኩሉ፤ የእሱ ድጋፍ የሚያበቃው በኦክቶበር 2026 ስለሆነ፣ ቅናሽ የመሰለው የአምስት ዓመቱ ጭራ ነው። የ2016 እና የ2019 እትሞች ድጋፍ በአንድ ቀን፣ ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ ተቋርጧል።

ስሌቱ ቀላል ነው፦ የአንድ ጊዜውን ዋጋ ለዓመታዊው ክፍያ ያካፍሉ። ውጤቱ ሁለት ቢመጣ፣ ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ የሚጠቀሙት ያለ ተጨማሪ ክፍያ ነው ማለት ነው። ቀጣዩ እትም ሲወጣ ግን በነፃ አይሰጥዎትም፤ እንደገና መግዛት ይኖርብዎታል።

አዳዲስ ቀመሮችም እንዲሁ አንድ ጊዜ ወደ ተገዛ እትም በኋላ አይጨመሩም። ለምሳሌ ደንበኛዎ ኤክስሉክአፕ (XLOOKUP) በተባለው አዲስ የመፈለጊያ ቀመር የሠራውን ሰንጠረዥ በኤክሴል 2019 ቢከፍቱት፣ ቁጥሮቹ መጀመሪያ ላይ ደህና ይመስላሉ፤ ሴሉን ነክተው አስገባ (Enter) ሲጫኑ ግን እትሙ ቀመሩን ስለማያውቀው በቁጥሩ ፋንታ የስም ስህተት (#NAME?) ይወጣል። የሚሠሩት ከሌሎች በሚላክልዎ ፋይል ላይ ከሆነ ይህን ቀላል አድርገው አይዩት።

በየዓመቱ የሚከፈለው የሚያሸንፍባቸው ሁኔታዎች አሉ። የቤተሰብ ጥቅሉ እስከ 6 ሰው ያስተናግዳል፤ ለእያንዳንዱም 1 ቴራባይት የዋንድራይቭ (የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ላይ) ማከማቻ ይሰጣል፤ ስለዚህ በቤት ውስጥ ብዙ ተጠቃሚ ካለ የአንድ ጊዜው ግዢ አይወዳደረውም። በአንጻሩ ክፍያው ሲቋረጥ ፋይሎችዎን ማንበብና ማተም ይችላሉ እንጂ ማስተካከልም ሆነ አዲስ መጀመር አይችሉም። የዓመት ሂሳብ በሚዘጋበት ሳምንት ይህ ቢደርስብዎ ምን እንደሚመስል ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

ገቢ የሚያገኙበት ሥራ ስለሆነ፣ ሲገዙ ለንግድ ሥራ የመጠቀም መብት የሚሰጠውን ሆም ኤንድ ቢዝነስ 2024 ይምረጡ፤ የኢሜይል ፕሮግራሙ አውትሉክም የሚገኘው በዚሁ ነው። ከመክፈልዎ በፊት ግን ነፃ የሆነውን ኦፊስ መሰል ፕሮግራም ሊብሬኦፊስ ጭነው፣ በጣም የተወሳሰበውን መዝገብዎን ቅጂ ይክፈቱበት። ማክሮ (ሥራን በራሱ የሚያከናውን የተቀዳ ትእዛዝ) ከሌለበትና ድምሮቹ ሳይዛቡ ከወጡ፣ ለሁለቱም መክፈል ላያስፈልግዎት ይችላል።