ወለምታና ስብራት፦ የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

ክረምቱ ገብቶ ጭቃውና እርጥቡ ኮብልስቶን ሥራውን እየሠራ ነው መሰለኝ፣ ከየሰፈሩ የደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ስለ ቁርጭምጭሚት ሆነዋል።

ከካራ ቆሬ፦ ወለም ላለ እግር በረዶ ነው ሙቅ ውሃ? አክስቴ ደግሞ በቅቤ ልሽሽ ብላኛለች።

በረዶ። በጨርቅ ጠቅልለሽ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ በቀን ደጋግመሽ ያዢበት። ሙቁም እሽቱም ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ይቆዩ፤ ጅማቱ ውስጥ ለውስጥ ደምቶ ሳለ ማሸት እብጠት መጨመር ነው። «የምላስ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» መባሉ የእግሩ ይታሻል ማለት እንዳልሆነ ለአክስትሽ ንገሪልኝ።

ከቱሉ ዲምቱ፦ ከኮንዶሚኒየም ደረጃ ተንሸራትቼ እግሬ አብጧል። ባለቤቴ «ጣትሽን ካንቀሳቀስሽ አልተሰበረም፣ ለራጅ ምን ያስኬድሻል» ይላል።

ባለቤትዎን ሰላም ይበሉልኝ፤ ግን ተሳስተዋል። ጣትን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች ብዙዎቹ የሚነሡት ከባት አካባቢ ነው፤ ቁርጭምጭሚት ተሰብሮም ይሠራሉ። በካናዳ የኦታዋ ሐኪሞች በፈረንጆቹ 1992 ራጅ የሚያስፈልገውን ሰው የሚለዩበት መመሪያ አውጥተዋል፤ ዛሬም ይሠራበታል። እንደወደቁም ሆነ አሁን፣ እያነከሱም ቢሆን አራት እርምጃ መራመድ ካቃተዎ ራጅ ይነሡ። ከቁርጭምጭሚቱ በውስጥም በውጭም ጉብ ያሉትን አጥንቶች በኋላ ጠርዛቸው፣ ከጫፋቸው እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ሽቅብ፣ በጣትዎ ይጫኑ። አጥንቱ ራሱ ካመመዎ አሁንም ራጅ። ከትንሿ ጣት ወደ ተረከዝ ሲሄዱ በእግርዎ ውጭ ጎን መሐል ላይ ያለው ጉብታ ካመመም እንዲሁ። ስኳር ኖሮብዎ እግርዎ የሚደነዝዝ ከሆነ በዚህ አይተማመኑ፣ ዝም ብለው ይሂዱ።

ከለገጣፎ፦ የቅልጥም ሾርባ አጥንት ይገጥማል?

አይገጥምም፤ ግን ይጣፍጣል፣ ይጠጡ።

ከኮየ ፈጬ፦ የ12 ዓመት ልጄ ኳስ ሲጫወት ወድቆ ወጌሻ ጎትተው፣ አሽተው፣ በቀርከሃ ጥፍር አድርገው አሰሩት። ሌሊቱን ሲያለቅስ አደረ፤ ጣቶቹ ቀዝቅዘዋል። «ሲሽር ያማል» ተብያለሁ፤ እስከ መቼ እንታገሥ?

አንድ ሰዓትም አይታገሡ! ለእርስዎ ያኔውኑ በስልክ ነግሬዎታለሁ፤ እዚህ ያወጣሁት ለጎረቤቶችዎ ነው።

የተጎዳ እግር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማበጡን ይቀጥላል። ጠዋት ልክ የነበረ ማሰሪያ ማታ ያንቃል። ደም ያልደረሰው ጡንቻ በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል፤ 6 ሰዓት ካለፈ ላይመለስ ይችላል። ስብራቱ በጄሶ ብቻ ይድን የነበረ ልጅ እግሩ የሚቆረጠው እንዲህ ሆኖ ነው፤ የአገራችን የአጥንት ሐኪሞች ይህን ደጋግመው ያዩታል። ምልክቱ እየባሰ የሚሄድ፣ ማስታገሻ የማይበግረው ሕመም ነው፤ ጣቱን ቀና ሲያደርጉለት ይጮኻል። መደንዘዝ፣ መገርጣት ወይም መጥቆር፣ መቀዝቀዝ ይከተላል። ያን ጊዜ ወጌሻውን ማስፈቀድ የለም፣ ማሰሪያውን በመቀስ ቆርጦ መጣል ነው። እግሩን በትራስ ከፍ አታድርጉት፤ ለተራ እብጠት ይበጃል፣ ለታነቀ እግር ግን የቀረችውን ደም ያሳንስበታል። ከዚያ በቀጥታ ሆስፒታል፤ ለእናንተ አቅጣጫ ጥሩነሽ ቤጂንግ አለ። መኪና ከጠፋ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። በጄሶ የታሰረም እንዲህ ካመመው ያው ነው፣ ቀጠሮ ሳይጠብቅ ይመለስ።

ወጌሻን ለማጥላላት አይደለም። ቅርብ ናቸው፣ በሌሊት በር ይከፍታሉ፣ ወረፋ የለባቸውም፤ ሰው ቢሄድባቸው አልፈርድም። የምጣላው ራጅ ሳይታይ ከሚጎትት እጅና ከማይላላ ማሰሪያ ጋር ነው። በልጅ ደግሞ ይብሳል፦ አጥንቱ ጫፍ አካባቢ ገና የሚያድግ ለስላሳ ክፍል ስላለ፣ ጅማቱ ሳይበጠስ እሱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከላይ ወለምታ የሚመስለው የልጅ ጉዳት ያለ ሐኪም አይታለፍ።

ከአያት፦ አንዱ እግሬ በዓመት ሦስቴ ወለም አለኝ። ጫማ ልቀይር?

ጫማው ምን አደረገህ? አንዴ ወለም ያለ እግር ሚዛን መጠበቁን በደንብ ካልተለማመደ ደጋግሞ ይታጠፋል። ሕመሙ ሲቀል ጥርስህን ስትቦርሽ በዚያው እግር ብቻ ቁም፤ ሲቀልህ ዓይንህን ጨፍነህ፣ ግድግዳ አጠገብ። ለሳምንታት በየቀኑ ሥራው። ጨዋታ ስትመለስ የቁርጭምጭሚት መደገፊያ እሰር። ያም ሆኖ ከከዳህ ፊዚዮቴራፒስት ይይህ። የቅዳሜውን ግጥሚያ እርሳው።