መልስ፦ አሮጌውን ኮሞዶር 64 ልሰካው ወይስ ልጠብቅ?

ወንድሜ፣ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ያገኘኸውን የድሮ የቤት ኮምፒውተር፣ ኮሞዶር 64ን፣ ከነቻርጀሩ ልሰካው ወይ ብለህ ጠይቀሃል። እባክህ እንዳትሰካው! የሚያስፈራው ኮምፒውተሩ ሳይሆን አብሮት የመጣው ቻርጀር፣ ያ ከባዱ የመብራት ሳጥን ነው።

ሳጥኑ 5 ቮልት ዲሲና 9 ቮልት ኤሲ ይሰጣል። ሲያረጅ 5 ቮልቱን የሚቆጣጠረው ክፍል ይበላሽና ቮልቴጁ ሽቅብ ይወጣል። ያኔ ቀድመው የሚቃጠሉት የሜሞሪ ቺፖቹ ናቸው። የድምፁ ቺፕ፣ ሲድ የሚባለው፣ አብሮ ከሄደ ደግሞ ኦሪጅናል ምትኩ ውድ ነው፤ የዚህ ማሽን ነፍስ እሱ ነውና ያሳዝናል።

ስለዚህ መጀመሪያ በቴስተር ለካው። የ5 ቮልቱ መስመር ከ5.25 ቮልት በላይ ካሳየህ ወደ ኮምፒውተሩ አታስጠጋው። ብዙዎቹ ውስጣቸው በሙጫ የተሞላ ስለሆነ ፈትቶ መጠገንም አይሆንም። ዛሬ ልክ ቢያሳይ እንኳ ሲሞቅ ሊከዳህ ይችላል፤ እኔ አዲስ የተሠራ ሳጥን ግዛ ነው የምልህ። የኮምፒውተሩ ፕላስቲክ ቢጫ ማለቱ ግን ምንም አይደለም፣ ተወው።

ያ ሰማያዊ ስክሪን በርቶ 38911 ባይት ነጻ ነው ሲልህ፣ ከ1982 ጀምሮ ስንቱ ልጅ ያየውን ነው የምታየው። ለክተህ ቁጥሩን ጻፍልኝ፣ እጠብቃለሁ።