«ራንክ አናደርግዎትም» የሚል ኢሜይል ሲደርስ

ጥያቄ፦ በሐዋሳ በጠቅላላ ሐኪምነት እሠራለሁ። በአሜሪካ ለውስጥ ደዌ ሬዚደንሲ (የስፔሻሊቲ ሥልጠና) አመልክቼ ከጥቂት ፕሮግራሞች ጋር በኢንተርኔት ቃለ መጠይቅ አድርጌአለሁ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ያውም የመጀመሪያ ምርጫዬ፣ በራንክ ዝርዝሩ (አመልካቾችን በምርጫ ቅደም ተከተል በሚያስቀምጥበት ዝርዝር) ውስጥ እንደማያስገባኝ ሰሞኑን በኢሜይል አስታወቀኝ። ከዝርዝሬ ላውጣው ወይስ እንዳለ ልተወው? ባልደረቦቼ «እንግዲህ የወደደህን ከላይ አድርግ» እያሉኝ ነው። ምክንያቱን ጽፌ ብጠይቅስ?

መልስ፦ ዶክተር፣ ኢሜይሉ ማሳዘኑ አይቀርም፤ ሆኖም በሌሎቹ ፕሮግራሞች ዘንድ ያለዎትን ዕድል በምንም መልኩ አይነካም። ይህን ለማጽናናት ያህል የተባለ እንዳይመስልዎት፣ ኤን.አር.ኤም.ፒ. የተባለው የማዛመጃ ተቋም ምደባውን እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይበቃል።

አመልካቾችም ፕሮግራሞችም የየራሳቸውን የምርጫ ዝርዝር ያስገባሉ፤ ኮምፒውተሩ የሚነሣው ከአመልካቹ ዝርዝር ነው። በመጀመሪያ ምርጫዎ ሊያስገባዎት ይሞክራል፤ ያ ፕሮግራም ስምዎን ካላስመዘገበ ወደ ሁለተኛው ያልፋል፤ እዚያም ሲደርሱ ሁለተኛ ምርጫዎ ስላደረጉት የሚቀነስብዎት ነገር የለም፤ ፕሮግራሙ የሚያወዳድርዎት እርሱ ራሱ በሰጠዎት ደረጃ ብቻ ነው። የተያዘ ቦታም ቢሆን እስከ መጨረሻው ድረስ ጊዜያዊ ነው፤ ፕሮግራሙ አብልጦ የሚፈልገው ሌላ አመልካች ከመጣ ቀድሞ የገባው ይለቅና በራሱ ዝርዝር ላይ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። የአሠራሩን መሠረታዊ ሐሳብ ጌል እና ሻፕሊ የተባሉ የሒሳብ ሊቃውንት በ1962 እ.ኤ.አ. አሳትመውታል፤ አልቪን ሮዝ ከኤሊዮት ፔራንሰን ጋር ያሻሻለው ቀመር ደግሞ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሐኪሞቹ ምደባ ውሏል። ሮዝና ሻፕሊ በ2012 እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

ስለዚህ የባልደረቦችዎ ምክር፣ በቅንነት የተሰጠ ቢሆንም፣ የሚጎዳዎት ነው። በእርግጥ የሚመርጡትን ፕሮግራም ዝቅ አድርገው «የወደደኝ» ያሉትን ከፍ ቢያደርጉ የሚያተርፉት ነገር የለም፤ ሁለቱም ቢፈልጉዎት ኖሮ የተሻለውን በገዛ እጅዎ አሳልፈው ይሰጣሉ። በዚያ ላይ መወደድዎን በምን አወቁ? ፕሮግራሞች ከቃለ መጠይቅ በኋላ የሚጽፉት የምስጋናና የአድናቆት ቃል አያስገድዳቸውም፤ የሚያስገድደው በሥርዓቱ ውስጥ ገብቶ የጸደቀው ዝርዝር ብቻ ነው። እነርሱ ደግሞ የእርስዎን ዝርዝር አያዩም፤ እንዲነግሯቸው መጠየቅም በደንቡ ተከልክሏል።

ፕሮግራሙን በዝርዝሩ ውስጥ መተው ጉዳት የለውም። ተጨማሪ ክፍያ የሚመጣው የምርጫዎች ቁጥር ከ20 ሲያልፍ ስለሆነ ጥቂት ቃለ መጠይቅ ላደረገ ሰው የገንዘብ ጥያቄም አይደለም። እኔ ግን ያውጡት እላለሁ፤ የቀሩትን ቆጥሮ የራስን ሁኔታ በትክክል ለማየት ይረዳል። ካስተካከሉ በኋላ ዝርዝሩን እንደገና ማጽደቅዎን አይርሱ።

ምክንያቱን መጠየቅ ነውር ባይሆንም ጥቅሙ አይታየኝም። ፕሮግራሞች ካላቸው ቦታ በእጅጉ የሚበልጡ ስሞችን መዘርዘር ይችላሉና ጨርሶ አለመካተት በዝርዝሩ ግርጌ ከመቀመጥ ይለያል፤ ከባድ ውሳኔ ነው። ከባድ ነው ማለት ግን የግድ በችሎታዎ ላይ የተሰጠ ፍርድ ነው ማለት አይደለም፤ የቪዛ ጉዳይ ወይም ከተመረቁ ያለፈው ዓመት ብዛት ሊሆን ይችላል፤ ይህንንም በጽሑፍ የሚያብራራልዎት አያገኙም። በሁለት መስመር አመስግነው ይዝጉት። በነገራችን ላይ፣ እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ ጭካኔ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። አመልካቹ ዝርዝሩን ከማጽደቁ በፊት የደረሰው እውነት ከዝምታ ይሻላል፤ ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላ የሚላክ ከሆነ ግን ሐዘን ከመጨመር በቀር ምንም አይፈይድም።

አሁን ጊዜዎን ሊያውሉበት የሚገባው ለሚቀጥለው ነው። የምደባው ውጤት በማርች ሦስተኛው ዓርብ፣ ማለትም ከመጋቢት 6 እስከ 12 ባለው ጊዜ፣ በሐዋሳ ሰዓት ከምሽቱ 1 ሰዓት ይገለጻል፤ ቦታ ማግኘት አለማግኘትዎን ግን በዚያው ሳምንት ሰኞ ያውቃሉ። ቦታ ካላገኙ ክፍት የቀሩ ቦታዎች እስከ ሐሙስ ድረስ ሶፕ በሚባለው ሥርዓት ይሞላሉ። በሶፕ ማመልከት የሚቻለው ቢበዛ ለ45 ፕሮግራሞች ነው፤ ፕሮግራሙ አስቀድሞ ካላነጋገረዎት በቀር ደውለው ወይም ጽፈው ማግኘት አይፈቀድልዎትም፤ በዘመድ ወይም በቀድሞ መምህር በኩል ማስደወልም አይቻልም። ፋታው አጭር ስለሆነ የግል መግለጫዎንና የድጋፍ ደብዳቤዎችዎን ከወዲሁ ያዘጋጁ፤ በውጭ አገር የተማሩ ሐኪሞችን ብቃት የሚያረጋግጠው የአሜሪካ ተቋም፣ ኢ.ሲ.ኤፍ.ኤም.ጂ.፣ የሚጠይቃቸውን ማስረጃዎች ማሟላትዎን ያረጋግጡ፤ የዚያን ሳምንት የተረኛነት ፕሮግራምዎን ከሥራ ባልደረባ ጋር ይቀያየሩ። ቦታው ከተገኘ ሥልጠናው አብዛኛውን ጊዜ ሰኔ 24 ስለሚጀምርና የጄ-1 ቪዛ (የልውውጥ ጎብኚዎች ቪዛ) ከአገርዎ ጤና ሚኒስቴር ደብዳቤ ስለሚጠይቅ፣ የደብዳቤውን አሠራር ውጤት ሳይጠብቁ ይጠይቁ። በአገር ውስጥ ለስፔሻሊቲ ሥልጠና የሚሰጠውን የመግቢያ ፈተና ምዝገባም ይከታተሉ፤ በሁለቱም በኩል መዘጋጀት የሚከለክልዎት ደንብ የለም።