አሥር ኦፕሬተር ወይስ አንድ ሰው በአሥር ስም?

በዚህ ወር ከመጡልኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ብሎክቼን ናቸው፤ ብዙ ኮምፒውተሮች (ኖዶች) አንድ መዝገብ በጋራ የሚይዙበት አሠራር ነው፣ ኖዱን የሚያስኬደው ደግሞ ኦፕሬተር ይባላል። አራቱን መርጫለሁ። የድሬ ልጅ ስለሆንኩ ሁላችሁንም አንተ፣ አንቺ ብያለሁ፤ አትቀየሙኝ።

ጥያቄ፦ ሁለት ጓደኞቼና እኔ በኮምፒውተር ሳይንስ የተመረቅን የሳቢያን ልጆች ነን። አንድ የብሎክቼን ኔትወርክ ገለልተኛ ኖድ ኦፕሬተሮችን እየመዘገበ ነው ሲባል ሰምተን አመለከትን። ቅጹ ግን አያልቅም! ሰርቨሩ የት እንደሚቀመጥ፣ መብራቱና ኢንተርኔቱ ከየት እንደሚመጣ፣ ሌላ ማን አብሮን እንደሚሠራ ሁሉ ይጠይቃል። ማንም ይገባበታል የተባለ ነገር ይህን ሁሉ ምርመራ ምን አመጣው? (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ አቦ፣ ሁሉም ኔትወርክ እንዲህ አይጠይቅም። የቢትኮይን ኖድ ለማስነሳት ማንንም አታስፈቅድም፤ ሶፍትዌሩን አውርደህ ትጭናለህ፣ አለቀ። የሚከፍልህም የለም። ኢቴሪየም የተባለው ኔትወርክ ላይ ደግሞ 32 ኢተር (የኔትወርኩ ገንዘብ) ያስያዘ ሰው ስሙን ሳይናገር ቫሊዴተር፣ ማለትም መዝገቡ ላይ የሚገባውን እየፈረመ የሚያጸድቅ፣ መሆን ይችላል። እዚያ የሚያጣራህ መያዣህ ነው። እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር ከፈረምክ ከመያዣህ ይቆረጣል፣ አንተም ትባረራለህ።

ምርመራው የሚበረታው የሌላ ሰው ገንዘብ ወይም መረጃ እጅህ ሲገባ ነው። ሊዶ የተባለው አገልግሎት የሰዎችን ኢተር ተቀብሎ ለኦፕሬተሮች ያከፋፍላል፤ መጀመሪያ ላይ እሱ ራሱ መርጦ ያጸደቃቸው ብቻ ነበሩት፣ መያዣ ላመጣ ሁሉ በር የከፈተው ቆይቶ ነው። ሮኬት ፑል የተባለው ሌላው አገልግሎት ግን ከመነሻው ስም አይጠይቅም፣ መያዣ አምጣ ነው የሚለው። እቁብ ውስጥ እንደምታውቀው ነው፤ አንዱ ዳኛ ሰውየውን ስለሚያውቀው ያስገባዋል፣ ሌላው ዋስ ካመጣህ የማንም ልጅ ሁን ይልሃል።

ታዲያ መብራትህ ምን አገባቸው? ሦስታችሁም ሳቢያን ናችሁ። የሰፈሩ ትራንስፎርመር የተቃጠለ ቀን ሦስታችሁም እኩል ትጠፋላችሁ። ቅጹ ላይ ሦስት ብትሆኑም ሥራው ላይ አንድ ናችሁ ማለት ነው፣ አጣሪው ሊያውቅ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ስለዚህ ወይ እንደ አንድ ቡድን አመልክቱ፣ ወይ አንዳችሁ ሰርቨሩን ሌላ ከተማ ያድርግ። ኢንተርኔትም እንደዚያው። ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያው ከተማ ድሬ ነበረች፤ እና አንዱን ኩባንያ ዋና፣ ሌላውን መጠባበቂያ ማድረግ ትችላላችሁ።

አንድ ነገር ግን አደራ። መብራት ሲጠፋ እንዲተካ ብለህ ያንኑ የቫሊዴተር ቁልፍ (የምትፈርምበትን ምስጢራዊ ኮድ) ሁለት ማሽን ላይ እንዳትጭን። ሁለቱ አንድ ላይ የነቁ ቀን ሁለቴ ይፈርማሉ፣ ኢቴሪየም ላይ ብዙ ሰው መያዣው የተቆረጠበት በዚህ ነው እንጂ በሌብነት አይደለም። ለጥቂት ሰዓት መጥፋት የሚያስከፍልህ በዚያ ሰዓት ታገኝ ከነበረው የማይርቅ ትንሽ ነገር ነው። ጠፍተህ ብትቆይ ይሻልሃል።

ጥያቄ፦ ቡና ነጋዴዎችና ማኅበራት የሚጋሩት የጭነት መዝገብ በብሎክቼን ልንሠራ ነው። ኖድ የሚያስኬዱ ሰባት ድርጅቶች ተገኝተዋል። የንግድ ፈቃድና መታወቂያቸውን ሰብስቤያለሁ። ሌላ ምን ላጣራ? (ከሸንኮር፣ ሐረር)

መልስ፦ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሰባቱም በአንዳቸው እጅ ያለ መዝገብ ያምናሉ? ካመኑ ብሎክቼኑን ተዪው፣ ተራ ዳታቤዝ ይበቃችኋል። ካላመኑ እንቀጥል።

ወረቀቱ ሰውየው ማን እንደሆነ ይነግርሻል፤ ከማን ጋር እንደሆነ ግን አይነግርሽም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ሮኒን የተባለው ኔትወርክ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተዘረፈ። ዘጠኝ ቫሊዴተሮች ነበሩት፣ ገንዘብ ለማውጣት አምስት ፊርማ ይበቃል። አራቱ ግን የአንድ ኩባንያ ነበሩ። አምስተኛው የሌላ ድርጅት ቢሆንም፣ ከወራት በፊት ሥራ ሲበዛ ኩባንያው በስሙ እንዲፈርምለት ፈቅዶ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ ፈቃዱን የሰረዘው አልነበረም። ሌቦቹ አንዱን ኩባንያ ሰብረው አምስቱንም ይዘው ወጡ። የታወቀውም ከስድስት ቀን በኋላ ነው። የአሜሪካው ኤፍቢአይ ላዛረስ የሚባለው የሰሜን ኮሪያ ቡድን ነው ብሏል። እዚያ የማንም መታወቂያ ሐሰተኛ አልነበረም፣ ችግሩ ዘጠኙ ዘጠኝ አለመሆናቸው ነው።

አሁን ወደ ሐረር እንምጣ። ሰባቱም ድርጅቶች ኮምፒውተር ሲበላሽ የሚደውሉለት አንድ ልጅ አለ አይደል? አለ፣ አውቀዋለሁ፣ በሁሉም ከተማ አለ። ሰርቨሮቹን የሚያቋቁመውም የይለፍ ቃሉን የሚይዘውም እሱ ነው። ከሰባት ኖድ ሁለቱ ቢበላሹ ወይም ቢያጭበረብሩ ሥራው ይቀጥላል፤ እንዲህ ያለው አሠራር የሚችለው የተበላሹት ከኖዶቹ ሲሶ በታች ሲሆኑ ነው። ልጁ ሦስቱን ከያዘ ግን ሲፈልግ ያስቆማችኋል፣ አምስቱን ከያዘ ደግሞ ያሻውን ይጽፋል። በጣም ጨዋ ልጅ ሊሆን ይችላል። ስልኩ ሲሰረቅስ?

ስለዚህ እያንዳንዱን ድርጅት ለብቻው ጠርተሽ ይህን ጠይቂ፦ ሰርቨሩን የገዛው ማን ነው? የይለፍ ቃሉን ከአንተ ሌላ ማን ያውቃል? ክላውድ (የኪራይ ሰርቨር) ከሆነ የማን? ይሄ የመጨረሻው ቀላል እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ሄትዝነር የተባለው የጀርመን ድርጅት ሶላና የተባለውን ብሎክቼን ኖዶች ከሰርቨሮቹ ሲያግድ አንድ አምስተኛ የሚሆነው የኔትወርኩ የመያዣ ድርሻ በአንዴ ጠፋ። ሲሶ ስላልሞላ ኔትወርኩ አልቆመም። ከሰባታችሁ ሦስቱ አንድ ክላውድ ላይ ቢሆኑ ግን እናንተ ትቆማላችሁ።

ቁልፍን በተመለከተ፣ እያንዳንዱ በራሱ ማሽን ላይ ራሱ ያመንጭ፣ ላንቺ ይፋዊውን (ፊርማው የእሱ መሆኑ የሚረጋገጥበትን) ብቻ ይላክልሽ፣ ምስጢራዊው ከእሱ አይውጣ። ብዙ ጊዜ አስተባባሪው እንርዳቸው ብሎ የሁሉንም አውጥቶ በፍላሽ ያድላል። እንደዚያ ካደረግሽ ሰባት ኦፕሬተር የለሽም፣ አንቺ ብቻ ነሽ ያለሽው።

ከዚያ እውነተኛ መዝገብ ሳይነካ ለጥቂት ሳምንት በሙከራ ኔትወርክ ላይ አሠሪያቸው። ዓርብ ማታ የሶፍትዌር ማሻሻያ ልቀቂና ማን በስንት ሰዓት እንደጫነው እዪ። አንዱን ሳታስጠነቅቂ ሰርቨርህ ተቃጥሏል እንበል፣ ከመጠባበቂያ አስነሳው በዪው። በቃለ መጠይቅ ሁሉም ጎበዝ ነው፣ በዓርብ ማታ ግን ይለያሉ። መውጫውንም ከአሁኑ ጻፉት፤ አንዱ ሥራ ቢተው ቁልፉ በስንት ቀን እንደሚሰረዝ፣ ማን እንደሚሰርዝ። ማጣሪያውንም በየተወሰነ ጊዜ ድገሚው፣ የሮኒን ፈቃድ የተረሳው ሰው ከገባ በኋላ ማንም ስላልተመለሰበት ነው።

ጥያቄ፦ በቴሌግራም አንድ ሰው «ለኖድ ኦፕሬተርነት ተመርጠሃል፤ ለማጣሪያ 150 ዶላር በክሪፕቶ ላክ፣ የዋሌትህን 12 ቃላትም ሙላ» አለኝ። ልላክ? (ከመጋላ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ እንዳትልክ! ሌባ ነው። 12ቱ ቃላት ዋሌትህን፣ ማለትም የክሪፕቶ ቦርሳህን፣ የሚከፍቱ ናቸው፤ እነሱን የሚጠይቅ አጣሪ የለም፣ የሰጠኸው ቀን ዋሌቱ የእሱ ነው። እውነተኛ መያዣ ከራስህ ዋሌት በኔትወርኩ ኮንትራት (ኔትወርኩ ላይ ራሱ በሚሠራ ፕሮግራም) ውስጥ ይቆለፋል እንጂ ለሰው አይላክም። ደግሞም ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት በአገራችን እንዳልተፈቀደ አሳውቋል። እንደተታለልክ ብታውቅ ለማን ትከሳለህ?

ጥያቄ፦ በድሬ ሙቀት ኖድ ቤት ውስጥ ይቻላል? (ከቀዚራ)

መልስ፦ ይቻላል። ለኢቴሪየም ኖድ ትንሽ ኮምፒውተርና 2 ቴራባይት ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ኤስኤስዲ ዲስክ ነው የሚያስፈልግህ። ዲስኩ ሲግል ራሱን ያዘገያል፣ ስለዚህ ቆርቆሮ ሥር ያለ ክፍል አይሁን፣ አቧራውንም ቶሎ ቶሎ አጽዳ። መጀመሪያ የሚሞትብህ ግን የዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ የሚተካው ዕቃ) ባትሪ ነው። የእርሳስ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፣ የእኛን ሚያዝያና ግንቦት ደግሞ ታውቀዋለህ። ሻጩ አምስት ዓመት ካለህ ሁለት ብለህ አስብና የመቀየሪያውን ብር ከአሁኑ ያዝ።